ቧንቧ የሚያፈሰው ከመጋጠሚያው ነው

ባለፈው ጥር ወር አንድ ሌሊት፣ ከኪልበርን ሃይ ሮድ ገባ ብሎ ባለ አሮጌ ቤት አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ከኩሽናው ላቫንዲኖ ሥር የተገጠመ የፕላስቲክ ቧንቧ ከመጋጠሚያው ሾልኮ ወጣ። በቤቱ ውስጥ አራት ሐበሾች ተኝተዋል። ውሃው ወለሉን ሞልቶ፣ በሳንቃው ስንጥቅ ወርዶ፣ ከምድር ቤት የሚኖሩት የአየርላንድ ተወላጅ ሽማግሌ ኮርኒስ አብጦ እስኪፈርስ ድረስ የሰማ አልነበረም። የነቃነው ሽማግሌው በራችንን ሲደበድቡ ነው። «የነቃነው» ያልንበት ምክንያት ከአራቱ አንዱ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ስለሆነ ነው። ያንን መጋጠሚያ ከሦስት ሳምንት በፊት የጠገንነው እኛው ራሳችን መሆናችንንም አንደብቅም።

«ለምን አከራያችሁን አልጠራችሁም?» የሚል አንባቢ ካለ የታደለ ነው። ሌላው ወገናችን መልሱን ያውቀዋል። ኪራይ ይጨምርብናል፣ «ነገረኞች» ይለናል፣ ውላችንን አያድስልንም ብለን ፈራን። ስለዚህ ከሱቅ በጥቂት ፓውንድ መጋጠሚያ ገዝተን፣ ቧንቧውን በብረት መጋዝ ቆርጠን፣ ገፍተን አስገባነው። ውሃውን ስንከፍት ጠብ የሚል ነገር አልነበረም። ተመሰጋግነን ቡና አፈላን።

ሽማግሌው በጉብዝናቸው ዘመን ቧንቧ ሠራተኛ ነበሩ። በማግስቱ ፍርስራሹን አብረን ስንጠርግ የወለቀውን ቧንቧ አንስተው አገላብጠው አዩና «ቧንቧው ምንም አልሆነም» አሉን። ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው፣ አዲስ አበባ በውሃ ሥራ ብዙ ዘመን ያገለገሉ ሰው ደግሞ ነገሩን ስንነግራቸው ሳቅ አሉና «ልጄ፣ ቧንቧ እኮ አያፈስም። የሚያፈሰው ሰው እጅ የገባበት ቦታ ነው» አሉ። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች፣ በሁለት አገር ሙያ የለመዱ፣ አንድ ነገር ተናገሩ። እኛም ቁጭቱ ስላልለቀቀን ነገሩን ከሥሩ ስንጠይቅና ስናነብ ከረምን። ከዚህ በታች የምናቀርበው ያንን ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

የሰፈራችን ስም ከውሃ የመጣ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ኪልበርን ከሃምፕስቴድ ኮረብታ የሚነሳ ጅረት ነበር፤ ወደ ታች ሲወርድ ዌስትቦርን ይባላል። በ1134 የተመሠረተው የሴቶች ገዳም የተተከለው በዚሁ ጅረት ዳር ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የለንደን ሰው፣ እኛ ፍልውሃ እንደምንሄደው ሁሉ፣ «ለጤና ይበጃል» እያለ ወደ ኪልበርን ምንጭ ይመጣ ነበር። ከተማው ሲሰፋ ጅረቱ የቆሻሻ መውረጃ ሆነ። እስከዚያ ድረስ የሃይድ ፓርክን ሐይቅ ይመግብ የነበረው ውሃ በ1834 እንዲቋረጥ ተደረገ፤ ጅረቱም ቀስ በቀስ ከመሬት በታች ተቀበረ። ዛሬ ይህን ወንዝ ማየት የሚሻ ሰው ስሎን ስኩዌር የባቡር ጣቢያ ወርዶ ቀና ይበል። ከሐዲዱ በላይ ከግድግዳ ግድግዳ የተሻገረው ትልቅ የብረት ቧንቧ እርሱን ተሸክሞ ያልፋል። እኛ በየቀኑ ከሥሩ የምናልፍ ሰዎች ጣቢያው ያረጀ የማሞቂያ ቱቦ ይመስለን ነበር።

የለንደን የመጠጥ ውሃ በቧንቧ መጓዝ የጀመረው ግን ከዚያ እጅግ ቀድሞ ነው። ኒው ሪቨር የተባለው ሰው ሠራሽ ቦይ በ1613 ከሃርትፎርድሺየር ምንጮች ኢዝሊንግተን ሲደርስ፣ ከዚያ ወደየሰፈሩ የሚያከፋፍለው ቧንቧ የዛፍ ግንድ ነበር። ኤልም የሚባለውን ዛፍ ግንድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሰረስሩታል፤ አንዱን ጫፍ እንደ ካስማ ያሾሉታል፤ የሌላውን ግንድ አፍ ያሰፉታል፤ ከዚያ አንዱን ከሌላው ውስጥ መትተው ያስገቡታል። ብሎን የለ፣ እሳት የለ። እኛ ከሱቅ ገዝተን በአዲስ ጥበብነት ያደነቅነው «ገፍቶ ማስገባት» ከ400 ዓመት በፊት ሲሠራበት ኖሯል ማለት ነው። ኤልም የተመረጠው ሳይደርቅ ከቆየ ቶሎ የማይበሰብስ በመሆኑ ነው። ግንዱ ቢችልም መጋጠሚያው አልቻለም። ውሃው በየመንገዱ ያመልጣል፤ ግፊቱ ከፍ ካለ ደግሞ ግንዶቹ ይለያያሉ። ስለዚህ በዝቅተኛ ግፊት ከመላክ በቀር ምርጫ አልነበረም፤ ፎቅ ላይ ላለ ሰው የቧንቧ ውሃ የማይታሰብ ነበር።

ብረት ሲመጣ ችግሩ የተቃለለ መሰለ። የብረት ቧንቧዎቹ በመጀመሪያ በብሎን ይታሰሩ ነበር፤ ብረት በሙቀት ረዝሞ በብርድ ሲያጥር እስሩ አይለቅለትምና መጋጠሚያው ይሰነጠቃል። በ1785 የቼልሲ የውሃ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ቶማስ ሲምፕሰን የአንዱን ቧንቧ ጫፍ እንደ ኩባያ አሰፋው፤ ሌላውን ከውስጡ አስገባ፤ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት በገመድ ክርና በቀለጠ እርሳስ ሞላው። ብረቱ ትንሽ መንቀሳቀስ ቻለ፣ ውሃው ግን ማለፍ አልቻለም። የሰውዬውን ስም የሚያውቅ ብዙ የለም፤ በዚያው መቶ ዓመት ጦር ሜዳ ላይ ድል ያደረጉት ጄኔራሎች ግን በየአደባባዩ ሐውልት ቆሞላቸዋል።

ብረቱ ቢዘረጋም ውሃው ቀኑን ሙሉ አይመጣም ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የለንደን የግል ውሃ ኩባንያዎች ለየሰፈሩ በተራ፣ በቀን ለጥቂት ሰዓት፣ አንዳንዱም በሳምንት ለጥቂት ቀን ብቻ ይለቁ ነበር። ሰውም ተራው ሲደርስ የሚያጠራቅምበት በርሜልና ጋን ያዘጋጃል። አንባቢ ሆይ፣ ይህንን ሰምቶ አዲስ አበባ ትዝ የማይለው ማን ነው? በየጓሮው በቆጥ ላይ የተሰቀለው ሮቶ፣ በየደረጃው የተደረደረው ቢጫ ጀሪካን፣ «ዛሬ የኛ ሰፈር ተራ ነው» የሚለው ወሬ፣ ሁሉም በቪክቶሪያ ዘመን ለንደን ነበረ። ውሃው ያለማቋረጥ እንዲለቀቅ የሚያስገድድ ሕግ በ1852 እና በ1871 ቢወጣም በሥራ ላይ እስኪውል እስከ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ወሰደ። ኩባንያዎቹን ጠቅልሎ የሕዝብ ያደረገው ቦርድ የተቋቋመው በ1903 ነው። የለንደን አሮጌ ቤቶች ጣሪያ ሥር የሚቀመጠው የውሃ ታንክ የዚያ ዘመን ርዝራዥ ነው። አዲስ የመጣን ሰው ቀደም ብለው የመጡት «ውሃ ከኩሽናው ጠጣ፤ ከባኞ ቤቱ ቧንቧ አትጠጣ» የሚሉትም ለዚህ ነው። የኩሽናው በቀጥታ ከመንገድ ይመጣል፤ የባኞ ቤቱ ግን በብዙ ቤቶች ጣሪያ ሥር ከቆየው ታንክ ይወርዳል።

የኪልበርን ረድፍ ቤቶች በአብዛኛው የተሠሩት በዚያው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። የቤት ውስጥ ቧንቧቸው እርሳስ ነበር። እንግሊዞች ቧንቧ ሠራተኛን «ፕላምበር» የሚሉት እርሳስ በላቲን «ፕሉምቡም» ስለሚባል ነው። እርሳስን ማጋጠም ከባድ ሙያ ነበር፤ ቀልጦ የሚፈሰውን ማያያዣ በጨርቅ ይዞ፣ ሳይረጋ በፊት በመዳፍ እያሻሹ ሽንኩርት የመሰለ እብጠት ማውጣት። ጎረቤታችን ይህንን በእጃቸው የሠሩ የመጨረሻው ትውልድ ናቸው፤ ጠባሳውንም አሳይተውናል። እርሳስ መርዝ መሆኑ ስለታወቀ አሁን አይገጠምም። ከ1970 በፊት የተሠራ ቤት የምትኖሩ ግን ከመንገድ የሚገባውን ቧንቧ በቁልፍ ፋቅ አድርጋችሁ እዩት። ግራጫው ተፍቆ እንደ ብር የሚያበራ ለስላሳ ነገር ከታየ እርሳስ ነውና፣ በተለይ ሕፃን ካለ፣ ለውሃ ኩባንያው ማስታወቅ ይገባል።

ወደ አገራችን እንመለስ። አዲስ አበባ ቧንቧ ያየችው በ1890ዎቹ ነው። ከ1879 ጀምሮ በምኒልክ አገልግሎት የነበረው የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ተዳፋት ውሃ ጠልፎ ወደ ቤተ መንግሥቱ አስገባ። ቤተ መንግሥቱ ጉብታ ላይ ስለሆነ ውሃው ሸለቆ ወርዶ እንደገና ሽቅብ መውጣት ነበረበት፤ «ውሃ ሽቅብ ይወጣልን?» ብለው የተጠራጠሩ መኳንንት እንደ ነበሩ ይተረካል። የሚወጣበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ምንጩ ከቤተ መንግሥቱ በላይ ነው። ነገር ግን የዚያ ሁሉ ውሃ ክብደት ከሁሉ አብዝቶ የሚጫነው ሸለቆው ግርጌ ላይ ያለውን መጋጠሚያ ነው። ኢልግ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ከነበረ ያጣው ስለዚያ ቦታ መሆን አለበት ብለን እንገምታለን።

ከዚያ በኋላ ገፈርሳ መጣ፤ በ1970 ለገዳዲ ተጨመረ። የእኛ ዘመን ልጆች የምናስታውሰው ግን የቀበሌውን ቦኖ ነው። በባልዲና በእንስራ የተያዘው ወረፋ፣ ዘበኛው ሳንቲም ሲቆጥር፣ ከመክፈቻው ሥር ሁልጊዜ የማይደርቀው ጭቃ። የቤቱ ቧንቧ ደግሞ ጥርስ የሚወጣለት ነጭ ብረት ነበር፤ ሠራተኛው በጥርሱ ላይ ቃጫ መሳይ ክር ጠምጥሞ፣ ቀለም ቀብቶ፣ በትልቅ መፍቻ ሰውነቱ እስኪንቀጠቀጥ ያጠብቀዋል። ጋሼ እንደሚሉት ያ መጋጠሚያ አንድ ደግነት ነበረው፤ በደንብ ካልታሰረ ውሃው በተለቀቀበት ቅጽበት ያሳብቃል። «ሠራተኛው ገና በሩን ሳይወጣ ይመለሳል» ይላሉ። ይህንን ቃል አንባቢ በልቡ ይያዝልን።

እንግሊዝ አገር እርሳሱን የተካው መዳብ ነው። መዳብ በሁለት መንገድ ይያያዛል፤ ወይ በእሳት ይበየዳል፣ ወይ የነሐስ ቀለበት በመሐል ገብቶ በመፍቻ ይጠብቃል። ያንን ቀለበት ፈረንጆቹ «ኦሊቭ» ይሉታል፤ ወይራ ማለት ነው። እኛ በወይራ የውሃውን እንስራ አጠንን፣ እነርሱ ደግሞ ቧንቧውን ዘጉበት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ መዳቡ ከኢንች ወደ ሚሊ ሜትር ተቀየረ፤ ግማሽ ኢንቹን 15 ሚሊ ሜትር፣ ሦስት ሩብ ኢንቹን 22 ሚሊ ሜትር ተካው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይቀራረባሉ። ሁለተኛዎቹ ግን ለዓይን ይመሳሰላሉ እንጂ አይገጥሙም፤ አሮጌው ቀጠን ስለሚል በአዲሱ መጋጠሚያ ውስጥ ይላላል። በኪልበርን አሮጌ ቤት ውስጥ አዲስ ፕላስቲክ ከአሮጌ መዳብ ጋር እያገጣጠመ ስንቱ እንደተሞኘ ጎረቤታችን ሲያወሩ እንባ እስኪወጣቸው ይስቃሉ።

ፕላስቲኩ በ1980 ገደማ ገበያ ገባ። ሄፕ-ቱ-ኦ የሚባለው ስም የተሰማው ያን ጊዜ ነው፤ በኋላም በ1961 የተቋቋመው፣ ለሂዝሮው አቅራቢያ ዌስት ድሬይተን የሚገኘው የጆን ጌስት ፋብሪካ ስፒድፊት የተባለውን አስፋፋ። ሐሳቡ የሚደነቅ ነው። በመጋጠሚያው ሆድ ውስጥ ሁለት ነገር ተቀምጧል፤ አንደኛው ውሃውን የሚያግድ ክብ ጎሚኒ፣ ሁለተኛው ወደ ውስጥ የዘነበሉ የብረት ጥርሶች ያሉት ቀለበት። ቧንቧው ሲገባ ጥርሶቹ ያሳልፉታል፤ ሊወጣ ሲል ይነክሱታል። እሳት ስለማይፈልግ ቤት አያቃጥልም፤ አንድ ቀን የሚፈጀውን ሥራ በሰዓታት ይጨርሳል። በዚያው ወራት የጣሪያ ታንኩ እየወረደ በምትኩ ኮምቢ ቦይለር ይገባ ጀመር። ታንኩ ቀርቶ የመንገዱ ግፊት በቀጥታ ቤት ሲገባ መጋጠሚያዎቹ የሚሸከሙት ጫናም በረከተ።

እንግዲህ የእኛ ጥፋት የት ነው? ሽማግሌው አንድ በአንድ ዘረዘሩልን። ፕላስቲክ ቧንቧ ለስላሳ ስለሆነ ከአፉ ውስጥ ኢንሰርት የሚሉት አጭር ማጠናከሪያ ቱቦ ይገባበታል፤ ያለ እርሱ ጎሚኒው ሲጫነው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። እኛ አላስገባንም። ከመጋጠሚያው ጋር አብሮ በትንሽ ከረጢት መጥቶ ነበር፤ ትርፍ ዕቃ መስሎን ጣልነው። በመጋዝ የቆረጥነው ጫፍ ደግሞ ሰያፍና ሻካራ ነበር፤ ሻካራው ጎሚኒውን ይቧጭረዋል። ከሁሉ የከፋው ግን ቧንቧውን እስከ መጨረሻው አለመግፋታችን ነው። ወደ ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ መግባት ሲገባው፣ ጎሚኒው ጋ ሲደርስ «እንቢ» ስላለን የገባ መስሎን ቆምን። ጥርሶቹ የያዙት ጫፉን ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ የጋሼን ቃል አስታውሱልን። የጥንቱ መጋጠሚያ ሲበላሽ ወዲያው ያሳብቃል፤ ይኼኛው ግን ይታገሳል። በግማሽ የገባ ቧንቧ ሳምንታት፣ ወራትም ደረቅ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ከዚያ አንድ ሌሊት ሰፈሩ ሁሉ ሲተኛና ውሃ የሚከፍት ሲያንስ የመንገዱ ግፊት ከፍ ይላል፤ ይወልቃል። ሙያው ከሠራተኛው እጅ ወጥቶ ወደ ዕቃው ገባ ሲባል እውነት የሚሆነው በከፊል ነው። ሁለት ነገር እጅ ላይ ቀርቷል፤ አቆራረጡና አገፋፉ። ከውጭ ሲታዩ ደግሞ ትክክለኛውና ስሕተተኛው አንድ ይመስላሉ።

በዚህ የተጎዳን እኛ ብቻ አይደለንም። አሜሪካ ውስጥ ከ1970ዎቹ መጨረሻ አንስቶ ፖሊቡቲሊን የተባለው ፕላስቲክ ቧንቧ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ቤቶች ገባ፤ በክሎሪን የታከመው ውሃ ቧንቧውንም የፕላስቲክ መጋጠሚያውንም ከውስጥ እየበላ አደከመው። በ1995 አምራቾቹ በፍርድ ቤት ስምምነት 950 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተገደዱ። እዚህ አገር መጋጠሚያው በሌላ መንገድ ስለሚሠራ ታሪኩ እንዲያ አልሆነም። እዚህ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የአገጣጠም ነው። የአይጥም ነው እንበል፤ አይጥ ፕላስቲክ ቧንቧ ትቀረጥፋለች፣ ኪልበርን ደግሞ አይጥ አያጣም።

ለመጠገን የግድ ካላችሁ፣ ውሃውን ዘግታችሁ ቧንቧውን አውጡ፤ በቧንቧ መቁረጫ እንጂ በመጋዝ አትቁረጡ፤ ኢንሰርቱን አስገቡ፤ የሚገባውን ያህል በእርሳስ ምልክት አድርጉና ምልክቱ እስኪሸፈን ግፉ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ጎትታችሁ ፈትኑት። በላዩ ላይ ቴፕ መጠቅለልና ሲሊኮን መቀባት ምንም አይጠቅምም። ወደ ቦይለሩ የመጨረሻው አንድ ሜትር ያህል መዳብ መሆን አለበት፤ ጋዙን ግን አትንኩ፤ ፈቃድ የሌለው ሰው እንዲነካው ሕጉ አይፈቅድም። ውሃ ሲያጥለቀልቅ ደግሞ ከሁሉ በፊት ዋናውን መዝጊያ በስተቀኝ አዙሩ፤ ውሃው ወደ መብራት ከተጠጋ ኤሌክትሪኩን አጥፉ፤ የታች ጎረቤታችሁን ቀስቅሱ። ኮርኒስ ውሃ ይዞ ካበጠ ከሥሩ ባልዲ አድርጎ በካቻቢቴ መብሳት ሙሉው ከመውደቁ ይሻላል።

ነገር ግን ለተከራይ ዋናው ነገር ይህ አይደለም። የ1985ቱ የአከራይና ተከራይ ሕግ አንቀጽ 11፣ ከሰባት ዓመት በታች በሆነ ኪራይ፣ የውሃ ቧንቧውን ጠግኖ የማቆየት ግዴታ የጣለው በአከራዩ ላይ ነው። ውል ላይ ሌላ ነገር ቢጻፍም ይህ አይሻርም። ይሁን እንጂ ከቤቱ ውስጥ ላለ ብልሽት ግዴታው የሚጀምረው አከራዩ ብልሽቱን ሲያውቅ ነው። እኛ ፈርተን ዝም ስንል የሕጉን በር በገዛ እጃችን ዘጋነው። ስናስተካክለው ደግሞ ጥፋቱ የእኛ ሆነ፤ የሽማግሌውን ኮርኒስ ማሠሪያ ከአራታችን ኪስ አወጣን፤ አሁንም ከፍለን አልጨረስንም። መጀመሪያ ጠብ ያለ ቀን በጽሑፍ ብናሳውቅ፣ ቀኑንም ፎቶግራፉንም ብንይዝ፣ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። አከራዩ እንቢ ካለ ለመንደሩ ካውንስል የቤቶች ክፍል አቤት ይባላል፤ ኪልበርን ሃይ ሮድ ወሰን ስለሆነ ከመንገዱ በስተምዕራብ ያላችሁ ብሬንት፣ በስተምሥራቅ ያላችሁ በአብዛኛው ካምደን ናችሁ።

ያን ሌሊት ውሃውን የዘጉልን ሽማግሌው ናቸው። እኛ በጨለማ ከላቫንዲኖው ሥር መዝጊያ ስንፈልግ፣ እርሳቸው በፒጃማ ደረጃውን ወጥተው ከመግቢያው በር አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቁም ሣጥን ከፈቱ፣ የአራታችንን ጫማ በእግራቸው ገፉ፣ ጎንበስ ብለው አዞሩ። አራት ዓመት እዚያ ቤት ስንኖር ጫማችንን የምንወረውረው መዝጊያው ላይ ነበር።